መቀሱ አመለጠኝ፤ ምን ይሻለኛል?

«ካፍ የወጣ አፋፍ» ይባላል። መቀስ የነካውስ? እኔ አንድ ሰሞን፣ መቀስ የነካው ጨርቅ አበቃለት ብዬ አምኜ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀመስኩም፤ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ።

ጊዜው ጥር 2012 ዓ.ም. ነው። የታላቅ እህቴ ሰርግ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የመልስ ቀን የምትለብሰውን የሀገር ልብስ «እኔ ነኝ የምሰፋልሽ» ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ስፌት ከተማርኩ ገና ዓመቴ ነው፤ ግን የሰፈር ልጆች «ዲዛይነሯ» ማለት ጀምረዋል፣ እና ጉራዬ ለጉድ ነው! ጨርቁ ደግሞ እንዲሁ ከሱቅ የተገዛ አይደለም። ማጉን እማዬ ራሷ ክረምቱን ሙሉ ስትፈትል ከርማ፣ ሽሮ ሜዳ ለሸማኔ ሰጥታ ያሠራችው ነው። በልክ የተሠራ ስለሆነ ትርፍ የሚባል ነገር የለውም።

ታዲያ አንድ ማታ እጅጌውን ስቆርጥ፣ የደረቱ ጨርቅ ተንሸራቶ ከሥር ገብቶ ኖሯል። እኔ እቴ! አንድ ዓይኔ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። መቀሱ ትንሽ ከበደኝ፤ ገፋ አደረግኩት። ጨርቁን ሳነሳው… ከአንገቱ ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ፣ ቁመቱ ሁለት ጣት የሚሆን ቅድ አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል።

ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? ቁርጥራጩን በድንጋጤ ጠርጌ ቆሻሻ ውስጥ ጨመርኩት። ቀሚሱን አጣጥፌ ፍራሽ ሥር ደበቅኩት። እማዬ «ስፌቱ እንዴት ሆነ?» ስትለኝ «እየደረሰ ነው» እላለሁ። እህቴ «ልለካው» ባለች ቁጥር እራሴን ያመኛል!

በሦስተኛው ቀን ቀሚሱን በፌስታል ይዤ ሰፈራችን ያሉ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ አለቀልኝ አይደል?» ስላቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ሳቁ።

«ልጄ፣ እኔ እዚህ ወንበር ላይ አርባ ዓመት ስቀመጥ ስንቱን ቆርጫለሁ መሰለሽ! ቁርጥራጩ የታለ?»

«ጣልኩት።»

«ጥፋትሽ እሱ ነው እንጂ መቀሱ አይደለም» አሉኝ። ከዚያም አስረዱኝ። ቅዱ ወደ ታች የወረደ ስለሆነ የተቆረጠው ድሩ ሳይሆን አግድም የሚሄደው ማጉ ነው። ሌላ ክር ቢገባበት፣ ነጭም ቢሆን፣ ያስታውቃል። የፋብሪካው ክር ወጥ ነው፤ የእጅ ፈትል አንዴ ወፈር አንዴ ቀጠን ይላል።

«ማጉን ማን ፈተለው?»

«እማዬ።»

«እንግዲያው መድኃኒቱ እሷ ጋ ነው። ሂጂና ንገሪያት።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ማለት ይሄ አይደል? እያለቀስኩ ነገርኳት። እማዬ ቅዱን በጣቷ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችው። ጥፊ ስጠብቅ፣ «እህል የከለከለሽ ይሄ ነው?» አለችና ተነሥታ ሳጥኗን ከፈተች። ከሥር አንድ ልቃቂት አወጣች። የዚያው የቀሚሱ ማግ ትራፊ ነው! ሁለት ቀን ሙሉ እኔ ፍራሽ ላይ ስገላበጥ፣ መፍትሔው እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ጋሼ ያሳዩኝ አሠራር ይሄ ነው። ቅዱን ሳይደራረብ ጫፍ ለጫፍ ታገናኛላችሁ። በቀጭን መርፌ፣ ከቅዱ አንድ ጣት ያህል ራቅ ብላችሁ ጀምራችሁ፣ ክሩን በድሩ መሐል አንዱን ከላይ አንዱን ከሥር እያሳለፋችሁ ማጉን ትተካላችሁ። ክሩ ከተወጠረ ጨርቁ ይጨማደዳል፤ ለቀቅ ይበል። ሲያልቅ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ ከጀርባው ተኩሱት። እኛ በላዩ ጥልፍ አወረድንበት። ጥልፉ ከታሰበው አራት ጣት ረዘመ፤ በቃ!

እናንተንስ ቢያመልጣችሁ?

ከሁሉ በፊት መቀሱን አስቀምጡ። አንዱን ስህተት በሌላ ቁረጣ ለማስተካከል መሮጥ ነው ልብስ የሚጨርሰው። የተፈታውን ክር አትምዘዙ። ቁርጥራጩን ደግሞ ልብሱ ተሰፍቶ እስኪለበስ ድረስ አትጣሉ።

ቅዱ ስፌቱ አጠገብ ከሆነ፦ በካውያ የሚጣበቀውን የኮሌታ ማጠንከሪያ ጨርቅ ትንሽ ቆርጣችሁ ከጀርባው ተኩሱበት። ከዚያ ስፌቱን ቅዱን አሳልፋችሁ ወደ ውስጥ አስገቡት። ከላይና ከታች ቀስ እያላችሁ ወደ ድሮው መስመር መልሱት፤ በአንዴ ከታጠፈ ይኮማተራል።

አንገቱ ከሰፋ፦ በሰያፍ የተቆረጠ ጥብጣብ ዙሪያውን ቀጥሉበት። ሰያፍ የሆነ ጨርቅ ስለሚለጠጥ ከክቡ ጋር አብሮ ይዞራል።

ቁመቱ ካጠረ፦ ከታች ሌላ ቀለም ቀጥሉ። ያንኑ ቀለም እጅጌው ጫፍ ላይ ድገሙት። አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ስህተት ይመስላል፤ ሁለት ቦታ ከሆነ ፋሽን ነው!

ከጠበበ፦ ከብብት እስከ ታች በሁለቱም ጎን እኩል ቅጥያ አስገቡ።

ሁለቱን እጅጌ ለአንድ ክንድ ከቆረጣችሁ፦ ጨርቁ ፊትና ጀርባው አንድ ዓይነት ከሆነ አንዱን ገልብጡት፤ አለቀ። ፊት ያለው ጨርቅ ከሆነ ግን ትርፍ ጨርቅ ፈልጉ፤ ከሌለ ልብሱን ያለ እጅጌ ጨርሱት።

ቅዱ መሐል ላይ ከሆነ፦ ጥልፍ፣ ኪስ ወይም ጌጥ ይሸፍነዋል። ግን መጀመሪያ ቅዱ ራሱ ይጠገን።

መጠንቀቁ ይሻላል ካላችሁም ጥጥ ጨርቅን ሳትቆርጡ በፊት ውሃ ነክራችሁ አድርቁት፤ ኋላ ታጥቦ እንዳይገባባችሁ። ልኩን መጀመሪያ በወረቀት ላይ አውጡ። ይህችንም ጋዜጣ አንብባችሁ ስትጨርሱ ለዚሁ ብትቆርጧት አንቀየምም፤ ነጭ ጨርቅ ላይ ግን ቀለሟ እንዳይለቅባችሁ! መቀሱን ከመጫናችሁ በፊት ደግሞ እጃችሁን ከሥር ሰዳችሁ ዳስሱ። እኔ ያንን ባደርግ ኖሮ…

የመልሱ ዕለት እህቴ ቀሚሷን ለብሳ ስትገባ አንዲት እንግዳ «ጥልፉ ረዘም ማለቱ እንዴት ያምራል!» አሉ። እማዬና እኔ ተያየን። እህቴ ግን እስከ ዛሬ የምታውቀው ነገር የለም። ይህችን አምድ ካላነበበች በስተቀር!