የሜሞሪ ገጽ ሰንጠረዥን ምዝግቦች በአንድ ደንብ ስለ ማተም

መግቢያ

በባሕር ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ የጣና ውሃ ከክረምት እስከ በጋ ከፍና ዝቅ እንደሚል በዐይኑ ያያል። ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1996 የተፈጸመው የጨረጨራ ግድብ፣ የሐይቁን ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ በ1784 እና በ1787 ሜትር መካከል ለመቈጣጠር የታቀደ ነው። የሐይቁ ስፋት 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በከፍታው ላይ የ10 ሳንቲ ሜትር ስሕተት ቢገባ በውሃው መጠን ላይ የሚመጣው ስሕተት 300 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። እንግዲህ አንዱ መዝጋቢ 1786.40 ብሎ ሲጽፍ፣ ሁለተኛው 6.40 ብሎ ቢያሳጥር፣ ሦስተኛውም ከመለኪያው ዜሮ ጀምሮ ቈጥሮ ሌላ ቁጥር ቢያሰፍር፣ ሦስቱም እውነት ጽፈው ሳለ መዝገቡ ግን ለአንባቢው ሐሰት ይሆናል። ከዚህ በላይ የጠቀስነውን ዓመት እንኳ ያለ «እ.ኤ.አ.» 1996 ብለን ብንተወው ኖሮ፣ በእኛ አቈጣጠር 1988 የሆነውን ነገር አንባቢው በስምንት ዓመት አዘግይቶ ይረዳው ነበር።

ሐይቁን በሚመለከት ነገር ግን የዐዋቂ ግምት ይረዳል። ውሃው ከ1784 እስከ 1787 መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ 6.40 የሚለውን አይቶ የጐደለውን ከራሱ ሊሞላ ይችላል። በኮምፒውተር ሜሞሪ ውስጥ እንዲህ ያለ ግምት አይሠራም፤ ከቁጥሩ የተቈረጠው ተቈርጦ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳውም ይህንኑ ነው። የኦፐሬቲንግ ሲስተም ከርነል የገጽ ሰንጠረዡን ምዝግቦች ሲያትም፣ ሁልጊዜ በአንድ ደንብና በሙሉ ስፋታቸው ማተም እንደሚገባው፣ ይህ ሳይሆን ሲቀርም ምን ጉዳት እንደሚደርስ ከራሳችን ሥራ በወሰድነው ምሳሌ እናሳያለን።

የገጽ ሰንጠረዥ ምንድን ነው?

ከርነል ሜሞሪውን ለፕሮግራሞች የሚያድለው በገጽ በገጽ ከፍሎ ነው። በተለመዱት የኢንቴልና የኤ-ኤም-ዲ ፕሮሰሰሮች አንድ ገጽ 4096 ባይት ይይዛል። ፕሮግራሙ የሚጠራው አድራሻ ምናባዊ አድራሻ ስለሆነ፣ በእውነተኛው ሜሞሪ ውስጥ የትኛው ገጽ እንደ ተጠራ የሚታወቀው ከሰንጠረዥ ታይቶ ነው። ሰንጠረዡን የሚሞላው ከርነሉ ሲሆን፣ አንብቦ የሚፈጽመው ፕሮሰሰሩ ነው።

ሰንጠረዡም አንድ ብቻ አይደለም። በ64 ቢት ማሽን ላይ አራት ደረጃዎች ሲኖሩ፣ ከ48ቱ የአድራሻ ቢቶች ለያንዳንዱ ደረጃ ዘጠኝ ዘጠኝ ቢት ይመደባል፤ የቀሩት 12 ቢቶች በገጹ ውስጥ ያለውን ቦታ ያመለክታሉ። በዘጠኝ ቢት 512 ምዝግቦችን መቍጠር ስለሚቻልና እያንዳንዱም ምዝግብ 8 ባይት ስለሆነ፣ አንዱ ሰንጠረዥ ራሱ ልክ 4096 ባይት፣ ማለት አንድ ገጽ ይሆናል። በሊኑክስ ከርነል ደረጃዎቹ ከላይ ወደ ታች ፒ-ጂ-ዲ፣ ፒ-ዩ-ዲ፣ ፒ-ኤም-ዲ እና ፒ-ቲ-ኢ ይባላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ፒ-ፎር-ዲ የተባለ አምስተኛ ደረጃ ተጨምሯል።

እያንዳንዱ ምዝግብ አንድ ቁጥር ነው፤ ነገር ግን ሁለት ጉዳይ ይናገራል። አንደኛው ገጹ በእውነተኛው ሜሞሪ የት እንዳለ ነው። ሁለተኛው በገጹ ላይ ምን ማድረግ እንደ ተፈቀደና ምን እንደ ተደረገ ነው። ለምሳሌ በ16 ቤት ቁጥር፣ ማለት በሄክሳዴሲማል የተጻፈውን ይህን ምዝግብ እንመልከት፦

8000000012345067

የመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞች፣ 067፣ የ12 ቢት ምልክቶች ናቸው። 7 ሲተነተን 4 እና 2 እና 1 ስለሆነ፣ ገጹ በሜሞሪ ውስጥ አለ፣ ሊጻፍበት ይፈቀዳል፣ ተራ ፕሮግራምም ሊደርስበት ይችላል ማለት ነው። 6 ደግሞ 4 እና 2 ስለሆነ፣ ገጹ ተነክቷል፣ ተጽፎበታልም ማለት ነው። ከዚያ በፊት ያለው 12345 የገጹ ቁጥር ነው። በስተ ግራ መጀመሪያ ላይ ያለው 8 የመጨረሻውን ከፍተኛ ቢት ያመለክታል፤ ትርጓሜውም «ከዚህ ገጽ ላይ ትእዛዝ ማስኬድ ክልክል ነው» የሚል ነው። እንግዲህ ይህን ቁጥር በ8 አኃዝ ብቻ ቈርጦ 12345067 ብሎ የሚያትም ሰው፣ ክልከላውን ከአንባቢው ሰወረ ማለት ነው።

በእኛ ላይ የደረሰው

እኛ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ለመማሪያ የሚሆን ትንሽ ከርነል በኅብረት ስንጽፍ የሥራ ክፍፍል አድርገን ነበር። አንዱ ጓደኛችን ገጾችን የሚያድለውን ክፍል ሲወስድ፣ የቀረነው ሰንጠረዡን የሚሞላውንና ስሕተት ሲገኝ መልእክት የሚያትመውን ክፍል ያዝን። የመረጥነው ማሽን ባለ 32 ቢት ሲሆን፣ ፒ-ኤ-ኢ የተባለውን ዘዴ ይጠቀማል። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1995 ከፔንቲየም ፕሮ ጋር የመጣ ሲሆን፣ ማሽኑ 32 ቢት ሆኖ ሳለ የሰንጠረዡ ምዝግቦች ግን 64 ቢት እንዲሆኑ በማድረግ እስከ 64 ጊጋ ባይት ሜሞሪ ለመጠቀም አስችሏል።

ሙከራ ስናደርግ የሁለት ፕሮግራሞች ምዝግብ በመልእክቱ ላይ አንድ ዐይነት ሆኖ ታተመ፤ ሁለቱም 12345067 ይሉ ነበር። ሁለት ፕሮግራሞች አንዱን ገጽ ሊጽፉበት ከተሰጣቸው አንዱ የሌላውን ሥራ ያጠፋል። ስለዚህ ምንም ሳንመረምር ስሕተቱ ገጽ ከሚያድለው ክፍል ነው ብለን ፈረድን። ጓደኛችን «የእኔ ክፍል አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ አይሰጥም» ቢልም አልሰማነውም። ሦስት ቀን ሙሉ ሌሊቱንም ጭምር ተቀምጦ ደህና የነበረውን ሥራውን አፈረሰና እንደገና ጻፈው። መልእክቱ ግን አልተለወጠም።

በአራተኛው ቀን እርሱ ራሱ የሜሞሪውን ይዘት ባይት በባይት አውጥቶ አነበበልን። እውነተኞቹ ምዝግቦች እነዚህ ነበሩ፦

0000000012345067
0000000112345067

የመጀመሪያው የገጽ ቁጥር 12345 ሲሆን ሁለተኛው 112345 ነው። ሁለተኛው ገጽ ከ4 ጊጋ ባይት በላይ ስለሆነ፣ ልዩነቱን የሚያሳየው አኃዝ ያለው በላይኛው ግማሽ ውስጥ ነበር። የእኛ የማተሚያ መስመር ደግሞ የላይኛውን ግማሽ ጥሎ የታችኛውን ብቻ ያትም ነበር። ኮምፓይለሩ የቁጥሩ ዐይነት ከማተሚያው ምልክት ጋር እንደማይስማማ አስቀድሞ አስጠንቅቆናል። እኛ ግን ማስጠንቀቂያው እንዲጠፋልን ብለን ቁጥሩን በግድ ወደ 32 ቢት ዐይነት ለውጠነው ነበር። ማስጠንቀቂያው ጠፋ፤ እውነቱም አብሮት ጠፋ። ጓደኛችንን ይቅርታ ጠይቀናል፤ ይህም ጽሑፍ የዚያ ይቅርታ ተከታይ ነው።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ ነውን?

አይደለም። በትልልቆቹ ከርነሎችም ውስጥ ይኸው ችግር አለ። በሊኑክስ የገጽ ምዝግብ የራሱ ዐይነት አለው፤ ይህም ፕሮግራመሩ ምዝግብን ከተራ ቁጥር ጋር እንዳያደባልቅ ታስቦ የተደረገ መልካም ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን ሊታተም ሲፈለግ ወደ ተራ ቁጥር መለወጥ አለበት፤ የቁጥሩም ስፋት በአንዱ ማሽን 32፣ በሌላው 64 ቢት ነው። ማተሚያው ፕሪንት-ኬ ስፋቱን አስቀድሞ እንዲነገረው ስለሚፈልግ፣ ለሁሉም ማሽን የሚጻፍ ኮድ ቁጥሩን ወደ 64 ቢት ለውጦ ማተም የተለመደ ነው። በዚህም ላይ አንዱ ቢያንስ 8 አኃዝ እንዲታተም ያዝዛል፤ ሌላው 16 ያዝዛል፤ ሦስተኛው ምንም አያዝዝም። ለብዙ ዓመታት የኖረው፣ የተበላሸ ምዝግብ ሲገኝ የሚታተመው የሊኑክስ መልእክት «ቢያንስ 8» ከሚሉት ወገን ነበር። ግማሽ ልጩ ግማሽ ጎፈሬ እንደሚባለው ነው።

«ቢያንስ 8» የሚለው ትእዛዝ ቁጥር አይቈርጥም፤ ስለዚህ ጉዳቱ ቶሎ አይታይም። ነገር ግን 8 አኃዝ ብቻ ያየ አንባቢ የቀረው ዜሮ መሆኑን ወይም ተቈርጦ መቅረቱን ከጽሑፉ ሊለይ አይችልም። በግእዝ አኃዝ ዜሮ ስለሌለና የቦታ ዋጋም ስለማይሠራ፣ ፺፱ ሁለት ምልክት ሲይዝ ከእርሱ የሚበልጠው ፻ በአንድ ምልክት ይጻፋል፤ አንባቢውም ከርዝመቱ ምንም አይጠብቅም። በ16 ቤት ቁጥር ግን አንባቢው ዐይኑን የሚጥለው በቦታው ላይ ነው። ስለዚህ በግራ በኩል የሚታተሙት ዜሮዎች ጌጥ አይደሉም፤ «እዚህ ቦታ ላይ ታይቷል፤ ምንም የለም» የሚሉ ምስክሮች ናቸው።

ወደ ፊትም ችግሩ ይብሳል እንጂ አይቀልም። የአርም ኩባንያ የሥነ ሥርዓት መግለጫ ባለ 128 ቢት ምዝግቦችን ጨምሯል። ወደ 64 ቢት ለውጦ ማተም የተለመደው መውጫ በዚያ ማሽን ላይ ሲደርስ፣ እኛን በ32 ቢት ያሳሳተንን ነገር በ64 ቢት ይደግመዋል።

የምናቀርበው ደንብ

አንደኛ፣ ምዝግብ ሁልጊዜ በሙሉ ስፋቱ ይታተም። 32 ቢት በ8፣ 64 ቢት በ16፣ 128 ቢት በ32 አኃዝ፣ ከነዜሮዎቹ።

ሁለተኛ፣ ስፋቱን የሚወስነው ጸሓፊው ሳይሆን የምዝግቡ ዐይነት ይሁን። ለዚህም ለሁሉም የሚያገለግል አንድ የማተሚያ ፋንክሽን በከርነሉ ውስጥ ይኑር፤ ቁጥርን በግድ እየለወጡ ማተምም ይቅር። የሊኑክስ ማተሚያ ለኔትወርክ አድራሻና ለገጽ ምልክቶች ልዩ የማተሚያ ምልክቶች ስላሉት፣ ለገጽ ሰንጠረዥ ምዝግብም እንዲህ ማድረግ ከልማዱ የወጣ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ከቁጥሩ በፊት የደረጃው ስም ይጻፍ፤ ደረጃዎቹም ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል ይታተሙ። ስም የሌለው ቁጥር «እ.ኤ.አ.» እንደሌለው ዓመት ነው።

አራተኛ፣ ምዝግቡ አንድ ጊዜ ተነብቦ ይቀዳ፤ የሚመረመረውም የሚታተመውም ቅጂው ይሁን። ፕሮሰሰሩ «ተነክቷል» እና «ተጽፎበታል» የሚሉትን ምልክቶች በራሱ ጊዜ ስለሚለውጥ፣ ሁለት ጊዜ ያነበበ ከርነል በአንዱ ቁጥር ፈርዶ ሌላውን ቁጥር ለምስክርነት ሊያቀርብ ይችላል።

አምስተኛ፣ ጥሬው ቁጥር ይቅደም፤ ትርጓሜው ይከተል። ትርጓሜውም የመጀመሪያውን ቢት በማየት ይጀመር። «ገጹ በሜሞሪ አለ» የሚለው ቢት ዜሮ ከሆነ የቀሩት ቢቶች ሌላ ነገር ይናገራሉ፤ ለምሳሌ ገጹ ወደ ዲስክ ወጥቶ እንደሆነ ያለበትን ስፍራ።

ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

ሙሉውን ቁጥር ማተም የእውነተኛውን ሜሞሪ አሠራር ለአጥቂ ይገልጣል የሚል ሰው ይኖራል። ተቃውሞው እውነት አለው። ሊኑክስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው 4.15 ጀምሮ ተራ ፖይንተሮችን ሲያትም እውነተኛውን አድራሻ ሸሽጎ ምትክ ቁጥር ያወጣል። መልሳችን ግን፣ ምስጢር የሚጠበቀው መልእክቱን ማን እንደሚያነብ በመወሰን ነው የሚል ነው። ሊታይ የማይገባው ቁጥር ከነጭራሹ አይታተም፤ ከታተመ ግን በግማሽ አይታተም። የተሸሸገ ቁጥር መሸሸጉ ይታወቃል፤ የተቈረጠ ቁጥር ግን ሙሉ መስሎ ያሳስታል።

መደምደሚያ

የስሕተት መልእክት የሚነበበው ሌላው ነገር ሁሉ ካቃተ በኋላ ነው። በዚያን ሰዓት አንባቢው ከመልእክቱ በቀር የሚያምነው የለውም፤ በመልእክቱም መሠረት በአንዱ ኮድ ላይ፣ አንዳንዴም በአንዱ ሰው ላይ ይፈርዳል። ስለዚህ የማተሚያው መስመር ከሌላው ኮድ ያነሰ ጥንቃቄ ይበቃዋል የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። የኦፐሬቲንግ ሲስተም ሙከራ የሚያደርጉ ተማሪዎች ይህን ደንብ ከመጀመሪያው ቀን እንዲይዙት፣ መምህራንም የተማሪን ኮድ ሲያርሙ የማተሚያውን መስመር አብረው እንዲመለከቱልን እናሳስባለን። በደንቡ ላይ የሚጨመር ወይም የሚታረም ነገር ያገኘ አንባቢ ቢኖር፣ ጽፎ ቢልክልን በደስታ እንቀበላለን።