የኤሌክትሪክ አቅራቢ መቀየር ይቻላል? የቤት ውስጥ የኃይል ወጪን ለመቀነስ ማወቅ የሚገባዎ

በአንዳንድ አገሮች ቤተሰቦች ዋጋ አወዳድረው የኤሌክትሪክ አቅራቢያቸውን መቀየር ይችላሉ። በብሪታንያ ለምሳሌ ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ለሁሉም ቤተሰቦች ክፍት ሆኗል። በአገራችን ግን ከብሔራዊው የኃይል ቋት ለመኖሪያ ቤቶች ኤሌክትሪክ የሚሸጠው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ተቋሙ የቀድሞው ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ሲከፈል የተቋቋመ ሲሆን፣ ታሪፉም በላሊበላም ሆነ በአዲስ አበባ አንድ ነው። በመሆኑም በርካሽ ዋጋ ሌላ መስመር አስገባለሁ የሚል ግለሰብ ቢያጋጥምዎ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ለአገልግሎት መስጫ ማዕከሉ ያሳውቁ።

ወጪን መቀነስ የሚቻለው ታሪፉ የሚሠራበትን መንገድ በማወቅ ነው።

1. የፍጆታ እርከንዎን ይወቁ

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በወርኃዊ ፍጆታ መጠን በእርከን የተከፋፈለ ነው። የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት፣ ሁለተኛው ከ51 እስከ 100፣ ሦስተኛው ከ101 እስከ 200 ነው፤ እርከኑ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሚተገበረው ማሻሻያ በአራት ዓመታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚፈጸም በመሆኑ፣ ወቅታዊውን ዋጋ ከማዕከሉ ያረጋግጡ።

2. የጋራ ቆጣሪ ካለዎ ያስሉ

እያንዳንዳቸው በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀሙ ሦስት ቤተሰቦች በየራሳቸው ቆጣሪ ቢለኩ ሁሉም በዝቅተኛው እርከን ይቆያሉ። በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ግን ድምሩ 120 ሆኖ ሦስተኛው እርከን ላይ ይደርሳል። አቅምና ሁኔታ ከፈቀደ የግል ቆጣሪ ማመልከት ተገቢ ነው፤ የሚያስፈልገውን ማስረጃና ክፍያ አስቀድመው ይጠይቁ።

3. ምጣድዎን በአግባቡ ይጠቀሙ

3,500 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሁለት ሰዓት 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በወር ስምንት ጊዜ ቢጋገርበት ምጣዱ ብቻውን 56 ይደርሳል። ሊጥን አጠራቅሞ በአንድ ሙቀት መጋገር፣ ምጣዱ በየጊዜው ከቅዝቃዜ ተነስቶ ለመጋል የሚወስደውን ኃይል ያስቀራል።

4. መስመር ባልደረሰበት አካባቢ

ከዋናው መረብ ርቀው በሚገኙ የላስታ ቀበሌዎች ለሚኖሩ ቤተሰቦች የፀሐይ ኃይል መሣሪያ አማራጭ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ለኩራዝ፣ ለባትሪ ድንጋይና ለስልክ ቻርጅ በወር የሚያወጡትን ደምረው፣ ከመሣሪያው አጠቃላይ ዋጋ ጋር ያነጻጽሩ። በየወሩ የሚከፈለውን ብቻ ሳይሆን እስከ መጨረሻው የሚከፈለውን ድምርና የዋስትናውን ጊዜ በጽሑፍ ይቀበሉ። አነስተኛ የፀሐይ መሣሪያ ለመብራትና ለስልክ እንጂ ለእንጀራ ምጣድ እንደማይሆን ልብ ይበሉ። ለመጋገሪያ ማገዶ ቆጣቢውን ምርጥ ምድጃ መጠቀም ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ፍጆታውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ይህም በይምርሐነ ክርስቶስ ዙሪያ ለዘመናት ተጠብቆ የኖረውን የመሰለ የጽድ ደን ከመመናመን ለመታደግ ያግዛል።

ቅሬታ ሲኖር

ሂሳብዎ ከተለመደው በላይ ከመጣ በመጀመሪያ የቆጣሪዎን ንባብ በደረሰኙ ላይ ከተመዘገበው ጋር ያመሳክሩ። ልዩነት ካለ ደረሰኙን ይዘው በአቅራቢያዎ ወደሚገኘው የአገልግሎት መስጫ ማዕከል ይሂዱ ወይም ወደ 905 የጥሪ ማዕከል ይደውሉ፤ ያመለከቱበትን ቀንም መዝግበው ይያዙ። ምላሹ ካላረካዎ ዘርፉን ለሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ።