ሽቦን ፈር ማስያዝ

እ.ኤ.አ. በ1887 በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም፣ በአንድ የስልክ ማዕከል ጣሪያ ላይ የቆመ ግዙፍ የብረት ማማ ሥራ ጀመረ። ከየቤቱና ከየሱቁ የተነሡ 5 ሺህ ያህል ሽቦዎች ጣሪያ ለጣሪያ ተሻግረው እዚህ ይገናኙ ነበር። በዘመኑ ፎቶግራፎች ላይ ሰማዩ በሽቦ ተጋርዶ ይታያል። ገመዱ መሬት ውስጥ መቀበር ሲጀምር ማማው በ1913 ሥራ ፈታ፤ በ1952 እሳት ጎዳው፤ በዓመቱ ፈረሰ።

ሽቦው ግን ከዓይን ተሰወረ እንጂ አልቀነሰም። መሬት ለመሬት መጥቶ በማዕከሉ ምድር ቤት በኩል ይገባል፤ ከዚያም ወደ አንድ ረጅም የብረት መደርደሪያ ይወጣል። ባለሙያዎቹ ኤምዲኤፍ ይሉታል። በአንድ ፊቱ ከከተማው የመጡት ገመዶች፣ በሌላው ፊቱ ከማዕከሉ መሣሪያ የመጡት ይታሰራሉ። ሁለቱን የሚያገናኘው ጃምፐር የሚባል ቀጭን ጥንድ ሽቦ ነው። አንድ ደንበኛ እዚያው ሰፈር ውስጥ ቤት ቢቀይር የስልክ ቁጥሩ መሣሪያው ላይ ባለበት ይቆያል፤ መደርደሪያው ላይ የሚነሣው ጃምፐሩ ብቻ ነው።

ጣጣው የሚጀምረውም እዚሁ ነው። የቸኮለ ቴክኒሽያን የድሮውን ጃምፐር ሳያወጣ አዲሱን በላዩ ላይ ይስባል። የሚቀጥለውም እንደዚሁ። ዓመታት ሲያልፉ የሞተውና የሚሠራው ሽቦ ተደራርቦ መደርደሪያው ውሉ እንደጠፋበት ልቃቂት ይሆናል። አንዱን ሲስቡ ሌላው ይበጠሳል፤ ስልኩ የሚቋረጥበትም በጉዳዩ የሌለበት ደንበኛ ነው። የጥሩ ባለሙያ ጃምፐር ከሩቅ ይለያል፦ በተሠራለት ቀለበት ውስጥ ያልፋል፤ አይወጠርም፤ ጫፉ ቢበላሽ ቆርጦ ዳግም ለማሰር የሚበቃ ትርፍ አለው፤ ከዚያ በላይ ግን አይንዘላዘልም።

ሽቦው በሺህ ሲቆጠር ዓይን በምን ይለየዋል? በቀለም ነው። በአሜሪካ የስልክ ሥራ የተለመደው ዘዴ ዐሥር ቀለሞች ብቻ ይበቁታል። በአንድ ወገን ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫና ሐምራዊ፤ በሌላው ወገን ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማና ግራጫ። አምስቱ ከአምስቱ ጋር ሲጣመሩ 25 ጥንድ ይወጣቸዋል። ነጭና ሰማያዊ 1ኛው ነው፤ ቢጫና ብርቱካናማ 17ኛው፤ ሐምራዊና ግራጫ የመጨረሻው። ገመዱ ከዚያ በላይ ሲወፍር እያንዳንዱ 25 ጥንድ በባለቀለም ክር ተጠምጥሞ ለብቻው ይያዛል፤ ክሮቹም ያንኑ ቅደም ተከተል ይከተላሉ። የለመደ ሠራተኛ ከ600 ጥንድ መካከል የሚፈልገውን ቆጥሮ ያወጣል። ጉድጓድ ውስጥ በደከመ የእጅ ባትሪ ሲሠራ ግን ሰማያዊና ሐምራዊ እንዳይምታቱበት ይጠንቀቅ!

ቀለሙ ሽቦው የማን እንደሆነ ይናገራል፤ ቦታውን የሚያስይዘው ደግሞ ማሰሪያው ነው። የፕላስቲክ ማሰሪያ ከመምጣቱ በፊት የማዕከል ገመዶች የሚታሰሩት ሰም በጠጣ የተልባ እግር ክር ነበር፤ በኋላ ናይለን ተተካ። ሠራተኛው ገመዶቹን ሳያጠላልፍ ጎን ለጎን ይደረድራል። ክሩን በነዶው ላይ አንድ ጊዜ ያዞርና ጫፉን ከጥምጥሙ ሥር አሳልፎ ይስባል፤ ቋጠሮው ራሱን በራሱ ይቆልፋል። ጥቂት ሴንቲሜትር አልፎ እንደገና ያንኑ ይደግማል። ሰሙ ክሩን ከመንሸራተት ይይዘዋል፤ አንድ ቦታ ላይ ቢበጠስ እንኳ የቀሩት ቋጠሮዎች ቶሎ አይላሉም። ሥራው ጊዜ ይበላል፤ ጣትም ይልጣል።

ይህን የጣት መላጥ ልብ ብሎ ያየው ሞረስ ሎጋን የተባለ የቶማስ ኤንድ ቤትስ ኩባንያ ሠራተኛ ነው። በ1950ዎቹ የቦይንግ አውሮፕላን ፋብሪካን ሲጎበኝ ሠራተኞቹ የአውሮፕላን ሽቦ በሰም ክር ሲያስሩ ተመለከተ። ኩባንያው በ1958 ታይ ራፕ ብሎ ያወጣው ማሰሪያ ዛሬ በየሱቁ በእሽግ ከሚሸጠው የፕላስቲክ ማሰሪያ ቀዳሚው ነው። ርካሽና ፈጣን መሆኑን ማንም አይክድም። ግን እጁ የከበደ ሠራተኛ አጥብቆ ከሳበው ሽቦውን ይጨፈልቃል፤ ትርፉም በሰያፍ ከተቆረጠ ስለቱ የሚቀጥለውን ሠራተኛ ክንድ ይቧጭራል። አንዴ ታስሮ ለዓመታት ለማይነካ ሥራ ክሩ አሁንም ይሻላል። ናሳም በጠፈር መንኮራኩሮቹ የሽቦ ሥራ ላይ እስካሁን አልተወውም።

የኤምዲኤፍ ክፍል ዋጋ ለሁሉም ግልጽ የሆነው ኒውዮርክ ውስጥ ነው። ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1975 ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ በሁለተኛው አቬኑ ባለው የስልክ ማዕከል ምድር ቤት የተነሣ እሳት ገመዱን ተከትሎ ሽቅብ ወጣና መደርደሪያውን በላው። የገመዶቹ የፕላስቲክ ልባስ ሲነድ መርዛማ ጭስ አወጣ፤ 170 ሺህ ያህል ስልኮችም ድምፃቸው ጠፋ። ኩባንያው በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች አሰልፎ አገልግሎቱን በ23 ቀን መለሰ። ያን ያህል ሰው ቀንና ሌሊት እየተቀያየረ አንዱ የጀመረውን ሌላው መቀጠል የሚችለው ሁሉም አንድ ዓይነት የቀለም ቅደም ተከተልና የአስተሳሰር ልማድ ሲኖረው ነው። እያንዳንዱ በየራሱ ስልት የሚያስር ቢሆን ኖሮ የተረኛው ግማሽ ቀን የቀደመውን ሥራ በመፍታት ባለቀ ነበር።

ዛሬ መዳቡ ለፋይበር ቦታ እየለቀቀ ነው። ሥርዓቱ ግን ጠበቀ እንጂ አልላላም። በኮምፒዩተር ኔትወርክ ገመድ ጫፍ ላይ የጥንዶቹ ጥምዝ ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ እንዲፈታ አይፈቀድም፤ ገመዱም ከውፍረቱ 4 እጥፍ ባነሰ ራዲየስ መታጠፍ የለበትም። ፋይበር ደግሞ በኃይል ከተቆለመመ ብርሃኑ በመታጠፊያው ላይ ያፈስሳል።

ቤትዎ ወይም ቢሮዎ ውስጥ መስመር ሲዘረጋ፣ ቴክኒሽያኑ መሰላሉን ከማጠፉ በፊት በገመዱ ሁለት ጫፎች ላይ ምልክት እንዲጽፍና ከማገናኛው ጀርባ ጥቂት ትርፍ እንዲተው ይጠይቁት። የማይሠራ የቆየ ሽቦ ካለም ነቅሎ ይዞት ይሂድ።