የኮሌጅን ትምህርት አስቀድሞ ስለ ማቀድ

ከእንሴኖ ተነሥቶ ወደ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ለመማር የሚሄድ ወጣት፥ የዲግሪ ትምህርት ኮርስ በሚባሉ ክፍሎች የተከፈለ መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ። አንዱ ኮርስ ለሌላው መሠረት ነውና፥ ቀዳሚውን ያላለፈ ተከታዩን አይወስድም። ኮርሱም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፥ አንዲት ስሕተት ምረቃን ዓመት ታዘገያለች፤ የወላጅም ድካም ይጨምራል።

ስለዚህ ተማሪ በየመንፈቁ ከመመዝገቡ በፊት፥ የኢንተርኔት መዝገብ ባለበት ኮሌጅ ሁሉ፥ የምሥጢር ቃሉን አስገብቶ ያለፈውን፥ የወደቀበትንና የቀረውን ኮርስ ከሥርዓተ ትምህርቱ ጋራ ያስተያይ። አማካይ ነጥቡም ከ4.00 ቢያንስ 2.00 መሆኑን ይመልከት፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ እንደሚያስፈልግ አይዘንጋ። በመዝገቡ የጐደለ ነገር ቢያገኝ ለሬጅስትራሩ ቢሮ በጊዜው ያመልክት፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።