ሥራ ያጣው የወዛደር ፓርቲ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 30 ቀን 1932 አዲስ የተመረጠው የጀርመን ፓርላማ፣ ራይኽስታግ፣ የመጀመሪያ ስብሰባውን አደረገ። በቤቱ ልማድ ይህን ስብሰባ የሚከፍተው በዕድሜ አንጋፋ የሆነው አባል ነው። የዚያን ዕለት ተራው የ75 ዓመቷ ኮሚኒስት የክላራ ዜትኪን ሆነ። ሕመም የጠናባቸውና ዓይናቸው የደከመው ዜትኪን ከሞስኮ የመጡት ለዚህችው ቀን ሲሉ ነበር። በሰው ተደግፈው ወደ መድረኩ ወጡ። ፊት ለፊታቸው 230 መቀመጫ የያዙት ናዚዎች ቡናማ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ተደርድረዋል። አሮጊቷ ሠራተኛው ሁሉ በፋሺዝም ላይ እንዲተባበር ጥሪ አቀረቡ፤ አንድ ቀን የሶቪየት ጀርመንን የመጀመሪያ ጉባኤ ለመክፈት እንደሚበቁም ተስፋቸውን ተናገሩ። ከዚያ አዲስ ለተመረጠው አፈ ጉባኤ ወንበሩን ለቀቁ። አፈ ጉባኤው ናዚው ሄርማን ጎሪንግ ነበር።

ዜትኪን የወከሉት ፓርቲ ጀርመኖች በምኅፃር «ኬ.ፔ.ዴ.» የሚሉት የጀርመን ኮሚኒስት ፓርቲ ነው። በዚያ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት ውጭ በአውሮፓ እሱን የሚያህል ኮሚኒስት ፓርቲ አልነበረም። በኖቬምበር 1932 ምርጫ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጋ ድምፅና 100 መቀመጫ አገኘ። ከአራት ወር በኋላ ግን መሪው እስር ቤት ነበር፣ ጋዜጦቹ ተዘግተዋል፣ እንደራሴዎቹም ታስረዋል ወይም ተሸሽገዋል። ይህን ያህል ሕዝብ የተከተለው ፓርቲ እንዲህ በፍጥነት የተሰበረው ለምንድን ነው? መልሱ ከሁለት ነገሮች ጋር ይያያዛል፦ ከሌላው የሠራተኛ ፓርቲ፣ ከሶሻል ዴሞክራቶች፣ ጋር ከተቃባው ደም፣ እና የወዛደር ፓርቲ ሆኖ ሳለ አባላቱ ሥራ አጥ ከመሆናቸው ጋር።

ፓርቲው የተወለደው በ1918 የመጨረሻ ሁለት ቀኖችና በ1919 የመጀመሪያዋ ቀን፣ በርሊን በሚገኘው የፕሩሲያ ምክር ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። ጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተሸንፋለች፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ሆላንድ ሸሽቷል፤ ሥልጣኑ በሶሻል ዴሞክራቶች እጅ ገብቷል። የተሰበሰቡት ከመቶ በላይ ልዑካን በዋናነት ከሁለት ወገን የመጡ ነበሩ። አንዱ ሶሻል ዴሞክራቶች ጦርነቱን መደገፋቸውን የተቃወመው፣ በሮዛ ሉክሰምበርግና በካርል ሊብክኔኽት የሚመራው የስፓርታኩስ ቡድን ነው። ሌላው መሠረቱን ብሬመን ላይ ያደረገ የግራ ክንፍ ነበር።

የመጀመሪያው ክርክር ሕገ መንግሥት ለሚያረቀው ጉባኤ በሚደረገው ምርጫ እንሳተፍ አንሳተፍ የሚል ነበር። ሉክሰምበርግ መሳተፍ አለብን አለች። አብዮቱ ነገ ያልቃል ብለው የተነሡት ወጣቶች ግን አልሰሟትም፤ ሐሳቡ 62 ለ23 በሆነ ድምፅ ወደቀ። ፓርቲው ከመሥራቹ ጋር የተለያየው በተመሠረተበት ጉባኤ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ቀናት ሳይቆጠሩ በርሊን ነደደች። መንግሥት የግራውን የፖሊስ አዛዥ ኤሚል አይክሆርንን ሲሽር በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው አደባባይ ወጣ፤ የታጠቁ ጥቂቶችም የጋዜጣ ማተሚያ ቤቶችን ያዙ። ሶሻል ዴሞክራቱ ጉስታቭ ኖስከ አመፁን ለመስበር ፍራይኮር የሚባሉትን የቀኝ አክራሪ የቀድሞ ወታደሮች ጭፍራዎችም አሰማራ። ጃንዋሪ 15 ቀን ሉክሰምበርግና ሊብክኔኽት ከተደበቁበት ቤት ተይዘው ወታደሮቹ ወደ ሰፈሩበት ኤደን ሆቴል ተወሰዱ። ሊብክኔኽት ቲርጋርተን በሚባለው መናፈሻ ውስጥ ተረሽኖ አስከሬኑ «ማንነቱ ያልታወቀ» ተብሎ ተሰጠ። ሉክሰምበርግ ተገድላ ላንድቬር ቦይ ውስጥ ተጣለች፤ አስከሬኗ የተገኘው ከአራት ወር በላይ ቆይቶ ነው።

ከዚያ ወዲያ ኮሚኒስቱ ሶሻል ዴሞክራቱን የመሪዎቹ ገዳይ አድርጎ አየው። ሶሻል ዴሞክራቱም ኮሚኒስቱን ሪፐብሊኩን በጠመንጃ ሊያፈርስ የተነሣ አመፀኛ አድርጎ ቆጠረው። በአንድ ሰፈር ኖረው፣ በአንድ ፋብሪካ ሠርተው፣ በአንድ የሠራተኛ ማኅበር ታቅፈው ሳለ ደም ተቃቡ።

ፓርቲው ለሁለት ዓመት ያህል አነስተኛ ነበር፤ በጁን 1920 ምርጫ ያገኘው 2.1 በመቶ ብቻ ነው። ሁኔታው የተለወጠው በዚያው ዓመት ኦክቶበር፣ ሃለ ከተማ ላይ ነው። ከሶሻል ዴሞክራቶች የተገነጠለው ነፃ ሶሻል ዴሞክራት ፓርቲ ከሞስኮው ኮሚኒስት ኢንተርናሽናል፣ ከኮሚንተርን፣ ጋር እንቀላቀል አንቀላቀል ብሎ ሲመክር ግሪጎሪ ዚኖቪየቭ ከሞስኮ መጥቶ በጀርመንኛ ከአራት ሰዓት በላይ ተናገረ። አብዛኛው ልዑክ ወደ እሱ አዘነበለ። ዲሴምበር ላይ ውሕደቱ ሲፈጸም ፓርቲው ከ300 ሺህ በላይ አባላት ያሉት ሆነ፤ አብሮም የኮሚንተርንን 21 የአባልነት ግዴታዎች ተሸከመ። ከእንግዲህ ትልልቁ ውሳኔ ሞስኮ ላይ የሚያልፍ ሆነ።

በማርች 1921 በማዕከላዊ ጀርመን የተጠራው አመፅ ከሸፈ። የቀድሞው የፓርቲው መሪ ፓውል ሌቪ ስሕተቱን በአደባባይ ጽፎ በመተቸቱ ተባረረ። በ1923 ደግሞ አገሪቱ ራሷ ገደል አፋፍ ላይ ቆመች፤ በኖቬምበር አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ደርሶ ነበር። ኮሚኒስቶቹ በኦክቶበር በሳክሶኒና በቱሪንጊያ ክልሎች ከግራ ሶሻል ዴሞክራቶች ጋር ጥምር መንግሥት ገብተው ለአገር አቀፍ አመፅ ተዘጋጁ። ኬምኒትስ ላይ የተሰበሰቡት የሠራተኛ ተወካዮች አጠቃላይ አድማ ለመጥራት ፈቃደኛ ሳይሆኑ ሲቀሩ መሪው ሃይንሪኽ ብራንድለር ዕቅዱን ሰረዘው። ሃምቡርግ ግን ብቻዋን ተነሣች። ኦክቶበር 23 ማለዳ ጥቂት መቶ ሰዎች መሣሪያ ለመዝረፍ የፖሊስ ጣቢያዎችን አጠቁ፤ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ አመፁ ሲከሽፍ ወደ 100 የሚጠጋ ሰው ሞቶ ነበር። የተሰረዘ አመፅ ሃምቡርግ ላይ እንዴት እንደተጀመረ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ከዚያ አመፅ መሪዎች አንዱ የወደብና የትራንስፖርት ሠራተኛ የነበረው ኤርንስት ቴልማን ነው። በ1925 ፓርቲውን ተረከበ፤ እንደ ስታሊን ፈቃድም ስምንት ዓመት መራው። ክርክር የሚወደው የሮዛ ሉክሰምበርግ ፓርቲ እየጠፋ፣ ከላይ የመጣውን መስመር ወደ ታች የሚያወርድ ድርጅት ቦታውን ያዘ። መስመሩን ያልተቀበለ «ቀኝ መንገደኛ» ወይም «ግራ አክራሪ» ተብሎ ይባረራል።

ፓርቲውን በቅርበት ለማየት ግን ከጉባኤ አዳራሽ ይልቅ ቬዲንግንና ኖይኮልንን የመሰሉትን የበርሊን የሠራተኛ ሰፈሮች መቃኘት ይሻላል። እዚያ ሕዝቡ የሚኖረው አንዱ ግቢ ከሌላው ጀርባ በተደራረበባቸው፣ ፀሐይ በቅጡ በማይገባባቸው የኪራይ ሕንፃዎች ነበር። እሑድ ጠዋት የፓርቲው ሰዎች ጋዜጣ ይዘው በየደረጃው እየወጡ በር ያንኳኳሉ። ሌላ ቀን ግቢው መሃል ቆመው ይዘምራሉ፤ ነዋሪው በየመስኮቱ ብቅ ሲል አንዱ አጠር ያለ ንግግር ያደርጋል፤ ፖሊስ ሳይደርስ ወደሚቀጥለው ግቢ ይሻገራሉ። የፓርቲው ሕዋስ ገንዘብ ያዥ መዋጮ ይሰበስባል፤ ለከፈለ ሰው ቴምብር በአባልነት ደብተሩ ላይ ይለጠፍለታል። ብዙ ሰው ግን ጥቂት ቴምብር ለጥፎ ይጠፋል፤ በየዓመቱ በአሥር ሺዎች ይገባሉ፣ በአሥር ሺዎች ይወጣሉ።

በ1924 የተቋቋመው የቀይ ግንባር ተዋጊዎች ማኅበር ዩኒፎርም ለብሶ በማርሽ ባንድ ይሰለፍ ነበር። የጨበጡትን እጅ ወደ ላይ አንሥቶ «ቀይ ግንባር!» ብሎ ሰላምታ መለዋወጥ በጀርመን የተስፋፋው በእሱ ነው፤ የተጨበጠው እጅም ከዚያ ወደ ሌላው ዓለም ግራ ዘመም ተሻገረ። የፕሮፓጋንዳው አንደበት ደግሞ ቪሊ ሙንትሰንበርግ ነበር። በፎቶግራፍ የተሞላው ሳምንታዊ መጽሔቱ «አርባይተር ኢሉስትሪርተ ሳይቱንግ» በመቶ ሺህ በሚቆጠር ቅጂ ይሸጥ ነበር። በኦክቶበር 1932 የፊት ገጹ ላይ ሠዓሊው ጆን ሃርትፊልድ ፎቶዎችን ቆርጦና ገጣጥሞ የሠራው ሥራ ወጣ፦ ሂትለር መዳፉን ወደ ኋላ አጥፎ ሰላምታ ይሰጣል፤ ከኋላው የቆመ፣ ፊቱ የማይታይ ግዙፍ ባለሀብት በዚያች መዳፍ ላይ የብር ኖት ያስቀምጥለታል።

ናዚን እንዲህ በምስል ያብጠለጠለው ፓርቲ በፖለቲካው ዋነኛ ጠላቴ ያለው ግን ሌላ ነበር። በ1928ና 1929 ኮሚንተርን ሶሻል ዴሞክራቶች «ሶሻል ፋሺስት» ናቸው የሚል መስመር አወረደ። ቃሉ የሞስኮ ቢሆንም በርሊን ላይ የሚቀበለው ጆሮ አላጣም። በ1929 የሜይ ዴይ ዕለት የሶሻል ዴሞክራቱ የፖሊስ አዛዥ ካርል ሶርጊበል ሰልፍ ከልክሎ ነበር፤ ኮሚኒስቶቹ ግን ወጡ። ፖሊስ ቬዲንግና ኖይኮልን ላይ ተኩስ ከፈተ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎቹ በሰልፉ ያልነበሩ ነዋሪዎች ናቸው። የታገደው ግን የቀይ ግንባር ተዋጊዎች ማኅበር ሆነ። በዚያ ሰፈር ልጁን የቀበረ ሰው «ሶሻል ፋሺስት» የሚለውን ቃል ለማመን ቲዎሪ አላስፈለገውም።

በኦገስት 1931 ቀኝ ክንፉ የፕሩሲያን የሶሻል ዴሞክራት መንግሥት ለመጣል ሕዝበ ውሳኔ ጠራ። ኮሚኒስቶቹ መጀመሪያ ተቃወሙ፤ ከሞስኮ ትእዛዝ ሲመጣ ግን «ቀይ ሕዝበ ውሳኔ» ብለው ከናዚዎች ጎን ድምፅ ሰጡ፤ አልተሳካም። በዚያው የድምፅ መስጫ ቀን ምሽት በፓርቲው ዋና ጽሕፈት ቤት አጠገብ፣ ቢሎው አደባባይ ላይ፣ ሁለት የፖሊስ መኮንኖች በጥይት ተገደሉ። ከገዳዮቹ አንዱ የ23 ዓመቱ ኤሪኽ ሚልከ ወደ ሶቪየት ኅብረት አመለጠ፤ የምሥራቅ ጀርመንን የስለላ መሥሪያ ቤት፣ ሽታዚን፣ ለብዙ ዓመታት ከመራ በኋላ በ1993 በዚያው ግድያ ተፈረደበት።

ሁለተኛው ችግር ከኢኮኖሚው ጋር መጣ። በ1932 መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ 6 ሚሊዮን ሥራ አጥ ተመዝግቦ ነበር። ሥራ ያጣው ሰው ወደ ኮሚኒስቶቹ ጎረፈ፤ በዓመቱ መጨረሻ ፓርቲው 360 ሺህ አባላት አሉኝ ይል ነበር። ከአሥሩ አባላት ስምንት የሚሆኑት ግን ሥራ አልነበራቸውም። ሥራ ያላቸው ሠራተኞች በአብዛኛው ከሶሻል ዴሞክራቶቹ የሠራተኛ ማኅበራት ጋር ቀሩ። ኮሚኒስቱ መንገዱን ሊሞላ ይችላል፤ የሚሠራበት ማሽን የሌለው ሰው ግን ማሽን ማስቆም አይችልም።

ትግሉም ወደ ሰፈር ወረደ። በ1932 በርሊን ውስጥ «መጀመሪያ ምግብ፣ ከዚያ ኪራይ» በሚል መፈክር ኪራይ አንከፍልም ያሉ ግቢዎች ነበሩ። በዚያ ዓመት የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ መፈክሩ በኖራ የተጻፈበትን የግቢ ግድግዳ ያሳያል፤ ከላዩ ባሉት መስኮቶች መዶሻና ማጭድ ያለበት ባንዲራና ስዋስቲካ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ችጋሩ አንድ ነበር፤ መፍትሔውን የፈለጉት ግን ከተለያየ ቦታ ነው። በኖቬምበር የከተማዋ የትራንስፖርት ሠራተኞች በሰዓት 2 ፌኒግ ሊቀነስባቸው ሲል አድማ መቱ፤ የኮሚኒስቶቹና የናዚዎቹ የሠራተኛ ክንፎች በአንድነት ትራሙን አቆሙ። መሃል ሰፋሪው ይህን ሲያይ ደነገጠ።

በዚያው ሳምንት የተደረገው ምርጫ ውጤት ዛሬም ያነጋግራል። ናዚዎች 196 መቀመጫ አገኙ፤ ሶሻል ዴሞክራቶች 121፣ ኮሚኒስቶች 100፣ በድምሩ 221። ሂሳቡን መደመር ቀላል ነው፤ ሰዎቹን መደመር ግን ሌላ ነገር ነበር። የ1919ኙን ሬሳና የ1929ኙን ጥይት የሚያስታውስ ኮሚኒስት፣ በ1931 ከናዚ ጋር ሆኖ ድምፅ የሰጠበትን ሶሻል ዴሞክራት በሁለት ወር ውስጥ «ጓድ» ሊለው አልቻለም።

ሂትለር ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 መራሔ መንግሥት ሲሆን ፓርቲው አጠቃላይ አድማ ጠራ። ጥሪውን ከልብ ከተቀበሉት ቦታዎች አንዷ ሞሲንገን የምትባል የደቡብ ጀርመን መንደር ናት፤ በማግሥቱ 800 ያህል ሰው ፋብሪካ አዘግቶ ወጣ፣ ፖሊስም በተነው። በርሊን ዝም አለች። ፌብሩዋሪ 27 ሌሊት ራይኽስታግ ተቃጠለ፤ በማግሥቱ በወጣው ድንጋጌ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮሚኒስቶች ተለቀሙ። ቴልማን ማርች 3 ቀን ተያዘ፤ ከ11 ዓመት እስር በኋላ በኦገስት 1944 ቡኸንቫልድ ማጎሪያ ውስጥ ተረሸነ።

ወደ ሞስኮ ከሸሹትም ብዙዎቹ አልዳኑም። ፓርቲውን ወክሎ በኮሚንተርን ምሥረታ ላይ የተገኘው ሁጎ ኤበርላይን፣ ከአመራሩ የነበሩት ሄርማን ሬመለና ሃይንስ ኖይማን በስታሊን ፖሊስ ተገደሉ። የኖይማንን የሕይወት አጋር ማርጋሬተ ቡበርን ሶቪየቶች በ1940 ለናዚው የምሥጢር ፖሊስ፣ ለጌስታፖ፣ አስረከቧት፤ ራቨንስብሩክ ማጎሪያ ውስጥ አምስት ዓመት ቆይታ ተረፈች፤ የሁለቱንም መንግሥታት እስር ቤት አይታ ጻፈች።

ከተረፉት መካከል ቫልተር ኡልብሪሽትና ቪልሄልም ፒክ በ1946 በሶቪየት ጦር በተያዘው የጀርመን ክፍል ያሉትን ሶሻል ዴሞክራቶች ከፓርቲያቸው ጋር በግድም በውድም አዋሕደው ምሥራቅ ጀርመንን ገዙ። በ1930 ፓርቲውን ተቀላቅሎ በናዚ እስር ቤት አሥር ዓመት ያሳለፈው ኤሪኽ ሆነከር በኋላ የዚያች አገር መሪ ሆነ፤ በ1979 አዲስ አበባ መጥቶ ከደርግ መንግሥት ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራርሟል። አምስት ኪሎ አካባቢ የቆመው የካርል ማርክስ ሐውልትም የምሥራቅ ጀርመን ስጦታ ነው። በምዕራብ ጀርመን በኩል የፌዴራሉ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ1956 ፓርቲውን አገደው። ቢሎው አደባባይ ዛሬ የሮዛ ሉክሰምበርግን ስም ይዟል፤ በ1933 ናዚዎች የወረሱት የፓርቲው ዋና ጽሕፈት ቤት፣ የካርል ሊብክኔኽት ቤት፣ አሁን በምርጫ እየተወዳደረ ፓርላማ የሚገባው «ዲ ሊንከ» የተባለ የግራ ፓርቲ ቢሮ ነው።