ሜዳው ከተመልካቹ ሲሰፋ

ከደሴ ተነሥቶ በሰሜን ምዕራብ በኩል ወደ ኩታበር የሚወጣ መንገደኛ አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም፤ ይኸውም ሜዳ ብርቅ መሆኑን ነው። አገሩ አቀበትና ቁልቁለት፣ ገደልና ተረተር ነው። ደልደል ያለ መሬት በተገኘ ጊዜም ገብስ ይዘራበታል፣ ወይም ከብት ይሰማራበታል፣ ወይም ገበያ ይቆምበታል። ከዚህ ሁሉ የተረፈች አንዲት መስክ ብትኖር ልጆቹ በሁለቱም ጫፍ የባሕር ዛፍ ቋሚ ተክለው የኳስ ሜዳ ያደርጓታል። በሌላው መንገድ ከደሴ በአቀስታ አድርጎ እስከ መካነ ሰላም ድረስ የሚዘልቅ ሰውም የሚያየው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለች የደጋ ከተማ አንድ ቀን ገንዘብ አግኝታ «የኳስ ሜዳ ልሥራ» ብትል ስንት ሰው የሚይዝ ልትሠራ ይገባታል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን ዛሬ ደብተር ይዞ የሚመላለሰው ወጣት ነገ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ፊርማውን የሚያኖርበት ጉዳይ ነውና አስቀድሞ ቢያስብበት አይከፋም።

ለምሳሌው ከወሎ መውጣት አያስፈልግም። በጥር ወር 2009 ዓ.ም. ወልድያ ላይ በሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አልአሙዲ ስም የተሰየመው ስታዲዮም ተመረቀ። የሚይዘው 25,155 ሰው ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የከተማው ነዋሪ 46,139 ነበር። ከተማዪቱ ከዚያ ወዲህ እንዳደገች የታወቀ ነው፤ ቢሆንም በዚያ ቁጥር ብንሄድ ስታዲዮሙን ለመሙላት ሕፃኑም ሽማግሌውም ተቆጥሮ ከከተማው ሕዝብ እኩሌታ የሚበልጠው ከቤቱ መውጣት ነበረበት። የወልድያ ቡድን በዚያን ጊዜ በፕሪሚየር ሊግ ውስጥ ነበረ። ሊጉ 16 ቡድን ስለ ነበረው አንድ ቡድን በአገሩ ሜዳ የሚጫወተው በዓመት 15 ጊዜ ብቻ ነው። በ2010 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ፍጻሜ ቡድኑ ከሊጉ ወረደ። ቡድን ይወርዳል፤ ስታዲዮም ግን አብሮ አይወርድም። ሣሩ ውኃ ይፈልጋል፣ ዘበኛውም ደመወዝ ይፈልጋል።

ይህን ስል ወሎ እንዲህ ያለ ሥራ አይገባውም ማለቴ አይደለም። የወልድያ ወጣት በሜዳው ቢኮራ ኩራቱ ተገቢ ነው። የማነሣው ነገር ሌላ ነው፤ የወንበር ብዛትና የጨዋታ ሙቀት አንድ አለመሆናቸውን ነው። ሦስት ሺህ ሰው በሦስት ሺህ ቦታ ላይ ተጨናንቆ ሲጮህ የተጫዋቹ ጉልበት ይታደሳል፤ ያው ሦስት ሺህ ሰው በሃያ አምስት ሺህ ወንበር መካከል ሲበተን ድምፁ ወደ ሲሚንቶው ገብቶ ይቀራል።

ትልቅነት ብቻውን እንደማይበቃም አይተናል። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል በነበረው የአዲስ አበባ ስታዲዮም ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ሜዳው በራሷ ሕዝብ የተሞላ ነበር። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ያችኑ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች። «አገሯ» ተብሎ የተቆጠረው ሜዳ ግን ማላዊ ውስጥ ሊሎንግዌ ነበረ! ምክንያቱም የአዲስ አበባው ስታዲዮምም ሆነ ከ50,000 ሰው በላይ እንዲይዝ የታሰበው የባሕር ዳሩ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መመዘኛ ሳያሟሉ በመቅረታቸው ነው። መርማሪዎቹ የሚያዩት የሰው ብዛት ብቻ አይደለም፤ መብራቱን፣ የልብስ መቀየሪያ ክፍሉን፣ የሣሩን ሁኔታ ጭምር ነው።

ወደ ውጭ አገር ብንመለከት በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚባለው ክፍለ ሀገር ሴንት ጆንስ የሚባል ትንሽ ዩኒቨርሲቲ አለ። ተማሪዎቹ ከ2,000 አይበልጡም። የሚጫወቱት እዚያ «ፉትቦል» የሚሉትን፣ ኳሷን በእጅ ይዞ የሚሮጥበትን ጨዋታ ነው። ሜዳቸው የተሠራው በጎድጓዳ ሥፍራ ሲሆን ዙሪያው ዛፍ ነው፤ መቀመጫው 7,500 ያህል ሰው ይይዛል። ይህ ቡድን በትናንሾቹ ኮሌጆች ምድብ ብዙ ተመልካች በማግኘት የታወቀ ነው። በመስከረም 2010 ዓ.ም. ከጎረቤቱ ከሴንት ቶማስ ጋር ሲገናኝ የተመልካቹ ቁጥር 37,355 ደረሰ። ታዲያ ለዚህ ቀን ሲሉ አዲስ ስታዲዮም ሠሩን? አልሠሩም። ሚኒያፖሊስ ከተማ ያለውን ትልቅ የቤዝቦል ስታዲዮም ተጠቀሙ። በእኛም አገር ለሠርግ ዳስ ይጣላል እንጂ ለአንድ ቀን እንግዳ ተብሎ አዳራሽ አይሠራም።

አሁን ወደ ደጋችን እንመለስ። በመካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ። የተማሪ ተመልካች ከሌላው የሚለይበት ነገር አለው፤ አንድ ሥፍራ ይኖራል፣ መጓጓዣ አያስፈልገውም፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሥራ አይዘውም። የጨዋታው ቀን ከገበያ ቀን ጋር ቢገጥም ደግሞ ከገጠር የመጣው ሰው ይጨመርበታል። በዚህ ላይ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታ በጥቂት ከተሞች እየተሰበሰበ መካሄድ በመጀመሩ ትልልቆቹ ቡድኖች እንኳ ከአገራቸው ደጋፊ የሚርቁበት ጊዜ መጥቷል። በአጠገቡ ኳስ ማየት የሚፈልግ የትንሽ ከተማ ሰው ተስፋው የኮሌጅና የወረዳ ጨዋታ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ለትልቅ ውድድር የሚመረጠው ሜዳ 105 ሜትር ርዝመትና 68 ሜትር ወርድ አለው። ለአንድ ሰው መቀመጫ ግማሽ ሜትር ብንሰጠው በአንዱ ረጅም ጎን በአንድ ተራ 210 ሰው ይቀመጣል። አሥር ተራ ቢሆን 2,100 ነው። አሥር ተራ ማለት ደግሞ አሥር እርከን ነው፤ እርከን መሥራትን ለወሎ ገበሬ የሚያስተምረው መሐንዲስ የለም። መሬቱ በ100 ሜትር 6 ሜትር የሚያዘቀዝቅ ቢሆን ሜዳው ከመስተካከሉ በፊት የላይኛው ጠርዝ ከታችኛው 4 ሜትር ያህል ይበልጣል። ከላይ ተቆርጦ ወደ ታች ሲደፋ የሚቀረው ቁርጥ ራሱ የመቀመጫው መነሻ ይሆናል። ተዳፋቱን እንደ ጠላት ከማየት እንደ ግንበኛ መቁጠር ይሻላል።

በዚህ መንገድ የሚተርፈው ገንዘብ በበኩሌ ወደ መሬት ውስጥ ቢገባ እመርጣለሁ። አፈሩ ዋልካ በሆነበት ሥፍራ የክረምት ውኃ ይተኛል፤ በጋ ሲመጣ ይሰነጠቃል፤ የስንቱን ልጅ ቁርጭምጭሚትም ያጥፋል። ከሥር ጠጠር ማንጠፍ፣ ከተዳፋቱ የሚወርደው ጎርፍ ሜዳው ሳይደርስ የሚመለስበት ቦይ በላይኛው በኩል መቆፈር፣ ሁለት የልብስ መቀየሪያ ክፍልና መጸዳጃ ማቆም ከአምስት ሺህ ባዶ ወንበር ይበልጣል። ይህ ሥራ በምረቃ ቀን በፎቶግራፍ አይታይም፤ ለዚህም ይሆናል ብዙ ጊዜ የሚረሳው።

በቁልቁለቱ ጎን ወንበር አያስፈልግም። እዚያ የሚያስፈልገው ረጅም የሽቦ አጥር ነው፤ ገደል የገባች ኳስ ተፈልጋ እስክትመጣ ሩብ ሰዓት ይፈጃልና።