ሞተር አልባው አውሮፕላንና ሰነዶቹ

ግላይደር ሞተር የሌለው አውሮፕላን ነው። ተጎትቶ ወደ ሰማይ ከወጣ በኋላ ከፍታውን ወደ ርቀት እየለወጠ ይንሸራተታል። በጀርመን የሚሠራው የሥልጠና ግላይደር ኤ.ኤስ.ኬ. 21፣ አየሩ የረጋ ከሆነ፣ ከ1 ኪሎ ሜትር ከፍታ ተነሥቶ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሊጓዝ ይችላል። ታዲያ ይህ ቀላል በራሪ ሰነድ ይዞ እንዲበር የሚገደደው ለምንድን ነው?

የመልሱ አንዱ ክፍል ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 የተፈረመው፣ ኢትዮጵያም የፈረመችው የቺካጎ ስምምነት በአንቀጽ 29፣ ድንበር ተሻግሮ የሚበር አውሮፕላን የምዝገባና የበረራ ብቁነት ምስክር ወረቀቶችን እንዲሁም የአብራሪውን ፈቃድ እንዲይዝ ያዛል። ግላይደር ደግሞ ወደ ላይ የሚወጣ ሞቃት አየር ካጣ ባልታሰበ ማሳ ላይ ያርፋል። በዚያ ስፍራ ስለ ማንነቱ የሚመሰክሩለት ሰነዶቹ ናቸው።

ሌላው ክፍል ፊዚክስ ነው። የበረራ መመሪያው የአብራሪውን ዝቅተኛና ከፍተኛ ክብደት ይወስናል። አብራሪው የሚቀመጠው ከክንፉ ፊት በመሆኑ፣ ክብደቱ ከዝቅተኛው ወሰን ካነሰ የአውሮፕላኑ የስበት ማዕከል ወደ ኋላ ይሸሻል። ያን ጊዜ አፍንጫው ሽቅብ ሲል ወደ ቦታው የሚመልሰው ኃይል ይዳከማል፤ እየተሽከረከረ መውደቅ ከጀመረም ማዳኑ አዳጋች፣ አንዳንዴም የማይቻል ይሆናል። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ መመሪያው በሚያዘው ቦታና መጠን የእርሳስ ክብደት ማሰር።

የሚዛን ጉድለት በዓይን አይታይም፤ አየር ላይ ሆኖ እርሳስ መጨመርም አይቻልም። ስለዚህ ሰነዱን መያዝ ብቻውን አይበቃም፤ ቁጥሩ መነበብ ያለበት መንኮራኩሩ መሬት ሳይለቅ ነው።